የሄለን ሞክሼ

«ወንድሜ፣ የእንግዶቼን ዝርዝር ልከፍት ስል የበሽተኞች ስም ከነሕመማቸው መጣብኝ! ወዲያው ዘጋሁት።»

ዛሬ ጠዋት የደወለችልኝ እዚሁ ከተማችን፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የምትሠራው ሄለን ተስፋዬ ናት።

ለብዙ ድርጅቶች የምናከራየውን የመግቢያ ሲስተም ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። ሰው የምለየው በስምና በአባት ስም ነበር። ለሚ ኩራ ያለው ደንበኛችን ክሊኒክም ሄለን ተስፋዬ የምትባል ነርስ አለችው፤ ሲስተሙ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው።

(ዩኒቨርሲቲ ክፍላችን ውስጥ እንኳ ሁለት ሄለን ተስፋዬ ነበሩ። ከዚያ አለመማሬ!)

አለቃዬ «የአያት ስም ጨምርበትና ተገላገል» አለኝ። አያትም ሊመሳሰል ይችላል። እያንዳንዱን ድርጅት ለየብቻው አጠርኩት፤ ከእንግዲህ የአንዱ ሠራተኛ ሌላው ጋ አይገባም።

የከበደኝ ለክሊኒኩ መናገሩ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፤ ብባረርስ? ግን ሄድኩ።

የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። «ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ስድስት ታካሚዎች ናቸው። እኔ እደውላለሁ፣ አንተ የሆነውን ታስረዳለህ።»

አምስቱ ስለነገርናቸው አመሰገኑ። ስድስተኛዋ፣ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ጎረቤት አልሰማም አይደል?» አሉኝ። እስካሁን ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ ነው።

የሞክሼያችሁ ጉዳይ እናንተ ጋ መጥቶ ያውቃል? ዘጋችሁት ወይስ አነበባችሁት?