ቤዛን ሐዋሳ ላደርስ ሄጄ

ማክሰኞ፣ ሳይነጋ

ከቀጨኔ የወጣነው ጨለማው ሳይገፈፍ ነው። ልጄ ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ደርሷታል። ከቤት ስትለይ የመጀመሪያዋ ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ሻንጣውን ይዣለሁ፣ እሷ ኩርፊያዋን።

ታክሲ ውስጥ፣ "ካልወደድኩት ሐሙስ አብሬሽ እመለሳለሁ" አለችኝ።

"እሺ።"

"የምሬን ነው፣ እማዬ።"

"እሺ አልኩሽ።"

እሺታው የአፍ ነው። መድኃኔ ዓለምን የለመንኩት ሌላ ነው። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እሷ ደግሞ ከመናኸሪያ እንድትመለስብኝ አልፈልግም።

መንገድ ላይ

አውቶቡሱ ሜዳውን ይዞ ይበራል። ጉልላት ባየሁ ቁጥር አማትባለሁ። ቤዛ ስልኳን ታያለች። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ፣ "እርስዎ እያሉ ሹፌሩ ፍሬን ምን ያደርግለታል?" አሉኝ። ሻሸመኔ ላይ ካሮትና ድንች በመስኮት ገባብን።

ሐዋሳ ስንገባ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከተማዋ ለጥ ያለች ሜዳ ናት። ለቀጨኔ ሰው ይሄ ግራ ነው፤ ጉልበቴ ዳገቱን እየጠበቀ ዋለ። ቤዛን አስመዘገብኳት፤ ኩርፊያዋን ግን አሁንም እንደያዘች ነው።

ረቡዕ ጠዋት

ዛሬ ከተማውን ልናይ ወጣን። ሐይቁ ዳር ዛፉ ጥላው ሰፊ ነው፣ ውኃው ጸጥ ያለ።

"ባሕር ነው" አለች ቤዛ።

"ሐይቅ ነው። ማዶው ይታያል።"

"ለእኔ ባሕር ነው።"

አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ራሰ በራውን አቀርቅሮ፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ቁርጥ የደብር አስተዳዳሪ። ልነሣለት ምንም አልቀረኝም።

እንግዳ አገር ካደርኩ፣ ጠዋት ደብሩን ሳልሳለም እህል አልቀምስም። ከሐይቁ ትንሽ እንደ ራቅን አየሁት፦ ክብ የሣር ክዳን፣ ጫፉ ላይ የሚያበራ ነገር፣ ዙሪያውን ግንብ፣ ግንቡን የከበበ ጽድ። በሩ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቆመዋል። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ አማተብኩ፣ በሩን ሳምኩ። ግንባሬን አስደግፌ ስለ ቤዛ ረጅም ጸሎት አደረስኩ።

ቀና ስል ከኋላዬ አንዲት ልጅ በሩን ትስማለች። ጫማዋን ጭምር አውልቃለች።

አዛውንቱ በትሕትና ጠጋ አሉ። "እናቴ፣ አልጋ ይዘዋል ወይስ አሁን ነው የሚይዙት?"

"የለም አባቴ፣ ተሳልሜ ነው የምሄደው።"

ትንሽ አሰቡ። "ይሳለሙ፣ የሚከለክልዎት የለም። ግን ሆቴል ነው።"

ልጅቷ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች፣ "እኔ እኮ እሳቸውን አይቼ ነው" አለች። ልታለቅስ ነው።

"አይዞሽ" አሏት። "ባለፈው አንድ ዲያቆን ጫማቸውን አውልቀው እስከ መዋኛው ድረስ ገብተዋል።"

ቤዛ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጥርሷን ካየሁት ሰንብቶ ነበር። ልጅቷም እሷን አይታ ሳቀች። ትዕግሥት ትባላለች። ከደብረ ብርሃን ብቻዋን መጥታ ትናንት ነው የተመዘገበችው፤ ከግቢ ስትወጣም የመጀመሪያዋ ነው።

ረቡዕ፣ ምሳ

ሦስት ሆነን ዓሣ ቤት ገባን። ሽሮ አዘዝኩ።

"ሐይቅ ዳር መጥተን ሽሮ?" አለች ቤዛ።

"ረቡዕ ነው።"

"ዓሣ ለጾም ይበላል የሚሉ አሉ፣ እማማ" አለች ትዕግሥት፣ ፈራ ተባ እያለች።

"ይበሉዋ። እኛ ቤት አይበላም።"

አስተናጋጁ ሽሮውን ሲያመጣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው ያስቀመጠው። ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ የወደቀውን የዓሣ ጭንቅላት አባ ኮዳ አንሥቶ ሄደ። እሱ አይጾምም።

ከምሳ በኋላ ቤዛ፣ "እማዬ፣ አንቺ ጀልባ ትፈሪያለሽ አይደል? እዚሁ ጠብቂን" አለችኝ። እፈራ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ሄዱ። ዳር ቆሜ እነሱ ሲስቁ እኔ ጸለይኩ።

ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል

ቤዛ ሌሊቱን ዶርም አደረች። እኔ መናኸሪያ ነኝ። ቃል ቃል ነውና ትኬት ለሁለት ቆርጫለሁ። ከትዕግሥት ጋር እየተጎተቱ ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው። ሻንጣ የለም።

"እማዬ፣ ትምህርት ሰኞ ይጀምራል።"

"እሺ።"

"ስትጸልዪ ትዕግሥትንም ጨምሪልኝ።"

"ትናንት ጨምሬያታለሁ።"

ሁለቱንም ስሜ ገባሁ። በመስኮት ሳያቸው እየተጎነታተሉ ወደ ባጃጁ ይሮጣሉ። ዞር ብላም አላየችኝ።

ረዳቱ መጣ። "ማዘር፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?"

"የልጄ ነው።"

"የታለች?"

"ትማራለች" አልኩት።