ኤቫልድ ለምን መልሕቅ ጣለ

አስገር ቦይሰን ማፈር የጀመረው በስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሄልስትራንድ መንደር ውስጥ እንደሱ ራሱን የሚወድ ሰው አልነበረም። ከመሀል ዴንማርክ ለሁለት ሳምንት ሊሥል መጥቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀረ። መንደሩ ወደብ ስለሌለው ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በማሽን ጎትተው አሸዋው ላይ ያወጣሉ። እሱ ከበላያቸው ጉብታው ላይ በርጩማውን ተክሎ፣ ሸራውን ወጥሮ፣ ባሕሩን ሲሥል ይውላል።

«ቀለም ቀቢው! የቤቴን በር መቼ ነው የምትቀባልኝ?» ይሉታል ሲያልፉ።

«በርህ ደህና ነው፣ የዛግኸው አንተ ነህ» ይላል።

ይሳሳቃሉ፤ የደረቀ ዓሣ ጥለውለት ይሄዳሉ። አስገር አንድ ትልቅ ኩራት ነበረው። «እኔ ያላየሁትን አልሥልም» ይላል፤ ይህን ያልሰማ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። ማዕበል ለማሳመር ብሎ አንዲት ጠብታ አይጨምርም። ዓሣ አጥማጆቹም ሥዕሉ ያምራል አያምርም ብለው አያውቁም፤ ቀርበው ያዩና «ይሄ ያለፈው ማክሰኞ ነው፤ ነፋሱ ከሰሜን ነበር» ብለው ይፈርዱለታል። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አይፈልግም ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ መንደርተኛው በሙሉ ሰርግ ተጠርቶ ጎረቤት ደብር ሄደ። ኤቫልድ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ብቻ፣ መረቤን ሳላወጣ አልሄድም ብሎ፣ ሚስቱን ቲራን ከሰዎቹ ጋር አስቀድሞ በትንሿ ሰማያዊ ጀልባው ባሕር ገባ። አስገርም ከሰርጉ ቀረ። ደመናው ተሰንጥቆ ብርሃን የሚወርድ መስሎት ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ከገዛ ሰርጉም ቢሆን ይቀር ነበር።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰማያዊዋ ጀልባ ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳትርቅ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ቆመች። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ እጁን አነሣ። አስገር ሰላምታ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ምን እንደመሰለው አላሰበበትም። ብሩሹን እንደያዘ ክንዱን ከፍ አድርጎ አወዛወዘለትና ወደ ሸራው ተመለሰ፤ ብርሃኑ ውሃው ላይ የወደቀው ልክ ያኔ ነበር። ቢጫዋን ነጠብጣብ ከተነሣው እጅ ጋር በአንድ ምት አስቀመጣት። በሕይወቱ እንደዚያ እጁ ታዝዞለት አያውቅም። ዝናቡ ሲያካፋ ሰማዩን ቤት ልጨርሰው ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ፤ ወደ ኋላም አላየም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ሰርገኞቹ ሲመለሱ ሰማያዊዋን ጀልባ ተገልብጣ፣ በገዛ መልሕቋ ታስራ አገኟት። ኤቫልድን ባሕሩ የተፋው በሦስተኛው ቀን ነው።

መንደሩም አለቀሰ፣ ቀበረ፣ ከዚያም ማማት ጀመረ። ነፋሱ ወደ ባሕሩ ዳር ነበር የሚነፍሰው። ሞተሩ ቢጠፋበት እንኳ ዝም ብሎ ቢተዋት ማዕበሉ ገፍቶ አሸዋው ላይ ያወጣው ነበር፤ ጀልባዋ ትሰበር ይሆናል እንጂ ሰውየው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። መልሕቅ ጥሎ እዚያው መቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው? «ጠጥቶ ነበር» አሉ። «ከነፍሱ ጀልባውን ወደደ» አሉ። ቲራ ሱቅ ስትገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የኤቫልድ አባት ሽማግሌው ክሬስተን ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከቤቱ አልወጣም።

የነፍስ አድን ጀልባው አለቃ አስገርን ጠየቀው። «አንተ ጉብታው ላይ ሳትሆን አትቀርም፤ ጠዋት ምን አየህ?»

«ምንም» አለ አስገር።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው። ሁለት ጊዜ ግራጫ ቀለም በጥብጦ ቢጫዋን ነጠብጣብ ሊሸፍናት ቆመ፣ ሁለቱንም ጊዜ እጁ እንቢ አለው። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። ሥዕሉ ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የአስገር ወረቀት ያ ሸራ ነበር። ሰው ሞቶ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ እሱ የሚሳሳው ለቢጫ ቀለም! ከውሸቱ ይልቅ ያንገበገበው ይህ ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ ባሕሩ ዳር አልወረደም፤ ጉንፋን ነው እያለ።

ቲራ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቱን ታጸዳለት ነበር። በመጋቢት አንድ ቀን አቧራ ልትጠርግ ሸራውን ገለበጠችው። አስገር ከወጥ ቤት ሲመጣ መጥረጊያዋን ጥላ ተንበርክካለች።

«የኛ ጀልባ ናት» አለች። «እሱ ነው። አስገር፣ እሱን ሥለኸው ኖሯል! ለምን ደበቅኸኝ?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ! እኔ ፎቶ እንኳ የለኝም። ለአባባ ላሳየው፣ እባክህ።»

እንቢ የሚልበት አፍ ከየት ይምጣ? በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛው ሄደች። በማግስቱ ክሬስተን አስጠራው።

ሽማግሌው ሥዕሉን መስኮቱ ሥር አቁሞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ቲራ ምድጃው አጠገብ ቆማለች።

«ቁጭ በል» አለ ክሬስተን። «አንተ ያላየኸውን አትሥልም አይደል?»

«አዎ፣ አባት።»

«እኔም ያላየሁትን አልናገርም። ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታለች፤ ሞተሯ ጠፍቷል ማለት ነው። የመልሕቁ ገመድ አፍንጫዋ ላይ እንደተጠመጠመ ነው፣ ገና አልጣለውም። ጥላዋን ሳየው ጠዋት ነው፣ ሦስት ሰዓት ግድም። ልጄም እጁን አንሥቷል።» መነጽሩን አወለቀ። «ቀኑ መቼ ነው?»

አስገር ሌላ ቀን ነው ብሎ መገላገል ይችል ነበር፤ ማንም አያረጋግጥበትም። ደግሞም ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቲራ በደስታ ዓይን እያየችው ነው፤ የባሏን ሥዕል ያቆየላት ደግ ሰው ነው።

«የሰርጉ ዕለት ነው» አለ። «አየሁት። ሰላምታ መሰለኝ። ከዚያ ለሰዎቹ ምንም አላየሁም ብዬ ዋሸሁ።»

ቲራ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ክሬስተን አልጮኸም፤ ቢጮህ ለአስገር እረፍት ነበር።

«እሺ፣ ሰላምታ መሰለህ። ከዚያስ?»

«እኔም… ሰላም አልኩት።»

«እንዴት አድርገህ?»

«በእጄ።»

«አሳየኝ።»

አስገር ተቀምጦ እጁን ትከሻው ድረስ አነሣ።

«እንደዚያ ነው ያነሣኸው?»

«አይ» አለ አስገር። ተነሥቶ ቆመ፤ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ሁለት ጊዜ አወዛወዘ፣ የዚያን ጠዋት እንዳደረገው፣ ከሩቅ አይቼሃለሁ እንደሚል ሰው። አውርድ የሚለው ስላጣም እጁ እዚያው ቀረች።

ሽማግሌው ያቺን እጅ ብዙ አያት። ከዚያ ወደ ምራቱ ዞረ።

«ልጄ» አላት፣ «እኔም ብሆን መልሕቅ ጥዬ እጠብቅ ነበር።»