ገሠሠ ብረት መፈለጊያ ሲመርጥ

ገሠሠ ዳቦ ሲገዛ ገምሶ የሚያይ፣ ሥጋ ቤት ሲገባ ሚዛኑን በእጁ ጫን አድርጎ የሚሞክር ሰው ነበር። አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የግፊትና የሙቀት መለኪያዎችን ሲፈታና ሲገጥም የጎልማሳነት ዘመኑን ፈጅቷል። የዚያ ሥራ ሙያው መለኪያን አለማመን ነው። መርፌው ስድስት ላይ ቢቆም፣ ሌላ መለኪያ አምጥቶ ሳያመሳክር ስድስት ነው አይልም። ችግሩ፣ ልማዱን ፋብሪካው በር ላይ ትቶት አይወጣም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል፣ ሌላ ተረት የሌለ ይመስል።

በዚህ ጠባዩ ከአከራዩ ጋር በውኃ ቆጣሪ ተጣላ። ከሥራ ባልደረባው ከክንፈ ጋር በጠፋች ፒንሳ ተኳረፈ፤ ፒንሳዋ ኋላ ከራሱ ሣጥን ሥር ብትገኝም ኩርፊያው አልተነሣም። በ1988 ዓ.ም. ሚስቱ ላቀች ለልጆቹ ትምህርት ብላ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄድ፣ ከተማው ውስጥ የቀረው ወዳጅ አንድ ነበር፤ የባቲው ተወላጅ፣ ባለሱቁ ሳኒ። ዓርብ ዓርብ ሳኒ ከመስጊድ ሲመለስ ገሠሠ እሱ ቤት ምሳ ይበላል። ሥጋው ለየብቻ ነው፣ ዓሣ ግን ያገናኛቸዋል። ላቀች አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና የተናገረችውም ስለዚሁ ነበር።

"ከሳኒ ጋር ብቻ እንዳትጣላ" አለችው። "ወባ ቢጥልህ ውኃ የሚያቀብልህ እሱ ነው። ሌላ ሰው አላስተረፍክም።"

ብቻውን ሲቀር ከሥራ መልስ ባሕር ዳር መመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን አንድ መርከበኛ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመ ሳህን የመሰለ ነገር አሸዋው ላይ እያወዛወዘ ሲሄድ አየ። ዘንጉ ጮኸ፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጫረ፣ ያረጀ ሳንቲም አወጣ። ገሠሠን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልያዘውም። የሚጠረጥር ሰው መሬትን እንኳ መርምሮ የሚያረጋግጥለት መሣሪያ ሲያይ እንዴት ዝም ይላል?

መጀመሪያ ያቀረበለት ዑበይዳ የሚባል የራሔይታ ነጋዴ ነበር። ያመጣው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ የወታደር ፈንጂ መፈለጊያ ነው።

"የመንግሥት ሥራ ነው፣ አይበላሽም" አለ ዑበይዳ።

"የመለያ ቁጥሩን ማን ፋቀው?"

"ፀሐይ ነው።"

"ፀሐይ በሞረድ ነው የሚፍቀው?" ገሠሠ በጥፍሩ ጭረቱን ዳሰሰ። ከዚያ ባትሪ ቤቱን ከፈተ፤ እንዲህ ያለ ባትሪ አሰብ ውስጥ አይገኝም። ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ክንዱ ዛለ። ደግሞ ይህ ዓይነቱ ምስማርም ሲያገኝ፣ ቆርኪም ሲያገኝ እኩል ነው የሚጮኸው። ከሁሉ በላይ ይኼን ተሸክሞ መንገድ ላይ የታየ ሰው፣ ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ነው። መልሶ ሰጠው።

ሁለተኛው ሳኒ ሱቅ ውስጥ ነበር። አንድ ፊሊፒኖ መርከበኛ ለሚስቱ ጨርቅ ወስዶ በለውጥ የተወው ነው። ቀላል ነው፣ ባትሪው እንደ ሬዲዮ ባትሪ የትም ይገዛል። ሁለት ማዞሪያ አለው፤ አንዱ ጥንካሬውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው እንደ ምስማርና ቆርኪ ያለ ጥቃቅን ብረት ንቆ እንዲያልፍ ያደርጋል። ለጀማሪ የሚሆነው ይኼ እንደሆነ ገሠሠ ወዲያው ገባው። የገባው ነገር ደግሞ ያስፈራዋል።

"ደህና ከሆነ አንተ ለምን አልያዝከውም?" አለ።

"እኔ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ምን ልፈልግበት?" አለ ሳኒ። "ውሰድና ሞክረው እንጂ፣ ምን ታፈጥበታለህ።"

ገሠሠ ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ባሕር ዳር ወረደ። ሰው የሚዋኝበትንና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን አሸዋ መረጠ፤ ያልተረገጠ መሬት ላይ ብረት አይፈለግም። የዘንጉን ቁመት ማስተካከያ ብሎን አልነካም። ቢላላ ማን ሊጠየቅ ነው? እንዳጠረ ያዘውና ከእግሩ ሥር ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘው ጀመር።

ጮኸ። ቆፈረ፣ ምንም የለም። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ጮኸ። ቆፈረ፣ አሸዋ። ጨዋማው ውኃ ይሆናል ብሎ ወደ ደረቁ ወጣ። ጥቁሩ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ከድንጋዩ ራቀ። ጥንካሬውን ዝቅ አደረገ፣ አዲስ ባትሪ አገባ። ያው ነው። ዋናተኞቹ ከበቡት።

"ጣልያን የቀበረው ወርቅ እኮ እዚያ ማዶ ነው ጋሼ" አለ አንዱ።

"ተዉት፣ የዓሣ ቤት እየቆፈረ ነው" አለ ሌላው።

ገሠሠ ፊቱ ቀልቶ ሱቁ ሲደርስ ሦስት አራት ደንበኞች ቆመው ነበር። መሣሪያውን ባንኮኒው ላይ አጋደመው።

"የተበላሸ መሆኑን እያወቅህ ነው ያሸከምከኝ።"

"ወላሂ፣ መርከበኛው ሲሠራበት በዓይኔ አይቻለሁ" አለ ሳኒ።

"ሠርቶልህ ይሆናላ። ተመካክራችሁ ይሆናላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

"የጠረጠረስ?" አለ ሳኒ። ደንበኞቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ስኳር መመዘኑን ቀጠለ፤ ገሠሠ እስኪወጣ ቀና ብሎ አላየውም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ማንም አልጠራውም፣ እሱም አልሄደም። ቤቱ ተቀምጦ ሰርዲን ከፈተ፤ ጣሳውን አገላብጦ ያለፈበት መሆን አለመሆኑን አየ፣ በላ። ላቀች ምን እንደምትለው ያውቃል። ቢያመው ማንን እንደሚጠራ ግን አላወቀም።

ቅዳሜ ሥራ ላይ አንድ መለኪያ ሲፈታ ትንሽ ብሎን አመለጠችው። በገመድ የታሰረች ማግኔት አወጣና ወለሉ ላይ ይጎትት ጀመር። ማግኔቷ ዘወር አለች፣ ቀኝ ጫማው አፍንጫ ላይ ቀጭ ብላ ተለጠፈች። አላቀቃት። መልሳ ተለጠፈች።

ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ፋብሪካው የሚሰጠው የሥራ ጫማ ጣት እንዳይቀጠቀጥ ከቆዳው ሥር ብረት አለው። ገሠሠ ሥራም ገበያም ያንኑ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ለሐሙሱም አላወለቀው። ውኃውን ጠርጥሮ፣ ድንጋዩን ጠርጥሮ፣ ባትሪውን ጠርጥሮ፣ ወዳጁን ጠርጥሮ፣ የገዛ እግሩን አልፎታል። ያ ምስኪን መሣሪያ ግራ እግሩን ሲያገኝ ጮኸ፣ ቀኝ እግሩን ሲያገኝ ጮኸ፤ ሥራውን ነው የሠራው።

ማምሻውን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሱቁ ሄደ። ደንበኛ አልነበረም፤ የሳኒ ሚስት ዘሀራ ከጓዳው ደጃፍ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ጫማዬ ነው የጮኸው" አለ ገሠሠ። "ብረት አለው። በሰው ፊት የተናገርኩህን በሰው ፊት እመልሳለሁ፤ ዘሀራም ትስማ። ዕቃው ደህና ነው፣ እገዛዋለሁ።"

"አይሸጥም።"

"ለሌላ ሰው ሰጠኸው?"

"ለሌላ ሰው ይሸጣል። ላንተ ነው የማይሸጠው።" ሳኒ ባንኮኒውን የሚወለውልበትን ጨርቅ ጣል አድርጎ መጣ። "ዛሬ ብሸጥልህ፣ ነገ ባትሪው ሲደክም 'ሳኒ አውቆ ነው' ትላለህ። ብሎኑ ሲላላ 'ሳኒ አውቆ ነው'። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ዘንግ ዋስትና ስሰጥ አልኖርም።"

ገሠሠ ከዘሀራ ወደ ሳኒ፣ ከሳኒ ወደ መሣሪያው አየ።

"ትዋሰዋለህ" አለ ሳኒ። "ዓርብ ምሳህን በልተህ ትወስዳለህ፣ ሳይመሽ ትመልሳለህ። የተዋሱት ነገር በራሱ ቢበላሽ ጣጣው የባለቤቱ ነው። ያኔ የምትጠረጥረው ሰው አይኖርም።"

"ምሳ ሳልበላ ብወስደውስ?"

"አይሰጥህም።"

"ጋሽ ገሠሠ፣ የትናንቱ ዓሣ ተርፎ ለድመት ሆነ እኮ" አለች ዘሀራ ቀና ሳትል። "በሚቀጥለው እንዳይቀሩ።"

ገሠሠ ራሱን ነቀነቀ። መሣሪያውን አነሣ፣ ሳህኑን ገለበጠው፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ከዳር እስከ ዳር መረመረው።

"ሳኒ፣ ይቺን ጭረት ና እያት" አለ። "ቀድሞም ነበረች።"

ሳኒ መነጽሩን አድርጎ መጣና ጭረቷን አብሮት አየ።

"ነበረች" አለ።