በድምጿ ተማምና የመጣችው በግ

በምርምር ተቋሙ ጓሮ ያሉትን በጎች የምትንከባከበውን ሴት ባልደረቦቿ «የበጎቹ እናት» ይሏታል። ፊት ለፊት ሲጠሯት ፈገግ ትላለች፤ ዞር ሲሉ ግን ፊቷ ይከስማል። ልጇን ለሞት የምታቀርብ የትኛዋ እናት ናት?

ሐኪሞቹ በበጎቹ ልብ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ይሰፋሉ፤ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከል ትንሽ ክዳን ነው። እሷ ቁስላቸውን ታጥባለች፣ መኖ ታቀርባለች፣ የሕመም ማስታገሻ ትሰጣለች። ስም እንዳታወጣላቸው መክረዋት ነበር። አንዷን ግን «ሌባዋ» አለቻት፤ ሴትዮዋ ጎንበስ ባለች ቁጥር በጓ አፍንጫዋን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ የመኖ ፍርፋሪ ትሰርቃታለችና።

ቤት ደግሞ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ አለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ቆይቶ የልቧን ቫልቭ ጎዳው። ደረጃ ስትወጣ ግማሹ ላይ ትቀመጥና «አሮጌ የስፌት መኪና ሆኛለሁ፤ ትንሽ እሄድና እቆማለሁ» እያለች ትቀልዳለች። ታላቅየዋ ግን መሳቅ አይሆንላትም።

ሌባዋ ቀዶ ሕክምናውን በደህና አለፈች፤ ወፈረች፣ መዝለል ጀመረች። ወራት አለፉና ዋናው ሐኪም የምትገደልበት ቀን መድረሱን ተናገረ። ሴትዮዋ፣ ጤነኛ በግ ለምን ትገደላለች ብላ ለመነችው። እሱም አልተቆጣም።

«ከውጭ ስትታይ ደህና ናት። ቫልቩ ውስጧ ምን እንደሆነ ሳናይ ግን ሰው ልብ ላይ አንሰፋውም» አላት።

በዕለቱ ሌባዋ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ሰው ቢጎትታት እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ሰዎቹ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። ያን ጊዜ እህቷ ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳለች ትዝ አለቻት።

«ነይ የኔ ሌባ» አለች፣ እንደ ወትሮዋ።

በጓ ወዲያው ተከተለቻት። የሚገድላት መድኃኒት በደም ሥሯ ሲገባ አፍንጫዋ የሴትዮዋ ኪስ ውስጥ ነበር።

ልቧ ሲከፈት በቫልቩ ጠርዝ ላይ የረጋ ደም ተገኘ። ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችል ነበር። ጠርዙ እንደገና ተሠርቶ በሌሎች በጎች ላይ ተሞከረ፣ ከዓመታት በኋላም ለሰው ደረሰ። ከተሰፋላቸው ሰዎች አንዷ እህቷ ሆነች።

እህትየው አገግማ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲል ታላቅየዋ እንደ ወቀሳ ሰማችው። ክፍሉ ጸጥ ሲል ከእህቷ ደረት ቀጭ ቀጭ የሚል የቫልቩ ድምፅ ይሰማል፤ እሷም ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። እህትየው ይህን ስትታዘብ ከረመችና አንድ ቀን መንገዷን ዘጋችባት።

«እትዬ፣ ሰለቸሁሽ እንዴ?»

ያኔ ሁሉንም ነገረቻት።

«መሞቷ ብቻ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ለሌላው እምቢ ብላ ለእኔ መጣች። እኔም የጠራኋት አንቺን አስቤ ነው።»

እህትየው መለሰችላት።

«አትዘኚላት አልልሽም፤ እዘኚላት። ባትሞት ይሻል ነበር እንድልሽ ግን አትጠብቂ። መኖር እፈልጋለሁ።»

ታላቅየዋም ባትሞት ይሻል ነበር ማለት አልቻለችም። እረፍት የነሳት ይኸው ነው፤ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ አሁንም እንደምትጠራት ታውቃለች።

በማግስቱ ዋናው ሐኪም ዘንድ ሄደች። ከእንግዲህ የበጎቹ ቀን ሲደርስ ተጠርተው ወደማያውቁት ክፍል እንዳይወሰዱ፣ እዚያው በረታቸው ውስጥ ማደንዘዣ እንዲወጉ ጠየቀችው። ሐኪሙ ጥቂት አስቦ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ አንድም በግ ጠርታ አልወሰደችም፤ አጠገባቸው ተንበርክካ እስኪያንቀላፉ ጭንቅላታቸውን ትደግፋለች። ሐኪሙ ሐሳቧን ሌሎች ፊት ሲያመሰግን ግን አቀርቅራ እጇን ማሸት ያዘች። ሌባዋን ከጠራችበት ቀን ወዲህ ይህን ለመጠየቅ ምን ያህል እንደዘገየች እሱ አያውቅም።