ዛሬ ኮሶዬ ላይ ለፊልማችን ድሮን ስናስነሳ

ገና አሁን መመለሳችን ነው፤ ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ኮሶዬ ላይ ፊልም እየቀረጽን ነበር። ከሌላ ዓለም መጥቶ ምድርን የሚወረው ፍጡር እኔ ነኝ። ጭምብሌ ብርማ ቀለም የተቀባ ጀሪካን ነው። (በጀታችን የደረሰው እስከዚያ ነው።)

ጠዋት የመንደሩ ሰዎች ሲያዩኝ በሳቅ ፍርስ አሉ። ፈርታችሁ ሩጡ ብንላቸው አልሆነላቸውም። አያ መኳንንት የሚባሉ አዛውንትማ «ምነው፣ ይሄ የኛው ልጅ አይደል?» እያሉ ጨረሱን።

ከዚያ ካሜራማናችን ከላይ ሊቀርጽ ትንሿን ድሮን አስነሳ። ለማንም ሳይናገር።

ድምፁ እንደተሰማ ሳቁ ጠፋ። እናቶች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው አጠገባችን ወዳለው ቋጥኝ ሮጡ። ዳይሬክተራችን «ሸጋ! ቀጥሉ!» እያለ ይጮሃል። ትወና መስሎታል። እኔም መስሎኝ ነበር።

አያ መኳንንት ግን ከሩጫው ተመለሱ። እኔን ከነጀሪካኔ ጎትተው ቋጥኙ ስር ጣሉኝና በላዬ ተኙብኝ።

«ዝም በል ልጄ፤ እንዳትነቃነቅ።»

ልባቸው ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። የኛ ድሮን ናት፣ ቦምብ የላትም ብላቸውም ቶሎ አልተነሱም።

ዳይሬክተሩ «ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ቀረጻ ይሄ ነው» ይላል። እኔ አጥፋው እያልኩት ነው።

እናንተስ፣ ያን ድምፅ ከሰማይ ስትሰሙ መጀመሪያ የሸፈናችሁት ማንን ነው?