ባለ አንድ ቀንዱ አጋዘን

የቢቸናዋ ፈንታዬ ስፌት የምትሰፋው ግድግዳ ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ የራሰውን አክርማ ሣር በጨርቅ ሸፍና ከጎኗ አስቀምጣ ነው። ወስፌዋን ለአፍታ ስታርፍ ጸጉሯ ላይ ትሰካዋለች። አንድ ቀን እንደተሰካ ረስታው ለቅሶ ቤት ደርሳ ተመልሳለች። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ነኝ። እኔም እሰፋለሁ፤ የእኔ ግን ሰፌድና እንቅብ ነው፤ እንግዳ አይቶ "ይህን ማን ሰፋው?" የሚለው ዓይነት አይደለም። የፈንታዬን መሶብ ግን ያየ ሁሉ ይጠይቃል።

በመሶቧ ወገብ ዙሪያ ስምንት ጫፍ ያላቸው ነጫጭ ኮከቦች በቀይ ላይ ተደርድረዋል። ከኮከቦቹ በታች ደግሞ ባለ ቀንድ አውሬዎች ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ቀንዳቸው እንደ ደረቀ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ የግራ ቀንድ የለውም።

ይህ ጥለት ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ፈንታዬ፣ ባሏ የኔሰው እና እኔ። የመጣው ከሹራብ ነው።

የኔሰው ብርድ አይችልም። አንድ ኅዳር ፈንታዬ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴ አንገቱ ነጭ የሆነ ቀይ ሹራብ ገዛችለት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹራቡን ለብሶ፣ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ከፊት ለፊቷ ይቀመጣል። እሷ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው የባሏን ደረት ነው። አንድ ጠዋት እኔም እዚያው ሳለሁ ድንገት፣

"የኔሰው፣ እንዳትነቃነቅ!" አለችው።

"ምን ሆንሁ? ጊንጥ አለብኝ?"

"አውሬ አለብህ። ልቆጥረው ነው።"

ምስኪን፣ እስከ ምሳ ድረስ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ። ትንፋሹን ሲስብ እንኳ "ኮከቡን አታስፋብኝ" ትለው ነበር።

ከምድጃ የተፈናጠረ ፍም ሹራቡን ደረቱ ላይ በስቶት ነበር። ቀዳዳው የአንዱን አውሬ የግራ ቀንድ በልቶታል። ፈንታዬ ያየችውን እንጂ ያላየችውን አትሰፋም። በመጀመሪያው መሶብ አውሬውን በአንድ ቀንድ ሰፋችው፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።

"ኧረ ቀንድ ጨምሪለት" አልኋት።

"እታለም፣ ሹራቡ ላይ የለም እኮ!"

የጠየቃትን ሰው ግን እውነቱን አትነግረውም። ለአንዷ በሕልሜ አየሁት አለቻት፤ ለሌላዋ ከአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው አለቻት። "ሹራብ ነው ብላቸው መሶቡ ላይ ቀርበው የሚበሉ አይመስለኝም" ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ እያለ ሳለ መክሊት የምትባል ልጅ መጣች። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የባህል ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ትሁት፣ ቀጭን፣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ የምትገባ። የባለ እጆችን ታሪክ በቅጽ እየሞላች ነበር።

"እማማ፣ የሥራዎ መነሻ ምንድን ነው?" አለቻት።

"መነሻውማ ቂጡ ነው። ከቂጡ ጀምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ።"

መክሊት ሳቋን ዋጠች። "ሐሳቡን ማለቴ ነው። ይህን ጥለት ምን አይተው ሰፉት? ማን አስተማረዎ?"

ፈንታዬ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁ።

"ከዘር የመጣ ነው፤ ከቅድመ አያቴ" አለች ፈንታዬ። "ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ተቀምጣ፣ አጋዘን ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ እያየች የሰፋችው ነው።"

የመክሊት እስክሪብቶ ሮጠ። "ይኼ ባለ አንድ ቀንዱስ ምን ትርጉም አለው?"

ፈንታዬ ወስፌዋን ከጸጉሯ አውጥታ ጥቂት አሰበች። "ትዕግሥት ነው።"

ልጅቷ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ስትወጣ ጠብቄ ፈንታዬን፣ "ትዕግሥት?" አልኋት።

"እና ምን ልበላት? ፍም ልበላት?"

በሚቀጥለው ወር ሞጣ ላይ የባለ እጆች ዐውደ ርእይ ተዘጋጀና ፈንታዬ ተጠራች። መሶቡን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በሚኒባስ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አብረን ሄድን። ፈንታዬን ያስደሰታት ግን ዐውደ ርእዩ ብቻ አልነበረም። አንድያ ልጇ ዓለምነህ ሞጣ መምህር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት አላገባም፤ እሷ ያየችለትን ሦስት ልጃገረዶች እንቢ ብሏል። በዚያ ሰሞን ግን በስልክ፣ "እማዬ፣ ንጋት የምትባል ልጅ አለች፤ ሽማግሌ ልልክ ነው" ብሏት ነበር። መንገዱን ሙሉ፣ "ንጋት፣ ንጋት" እያለች በስሟ ስትጫወት ሄደች። "ሳልሞት ሊድርልኝ ነው እግዜር" አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ገብተን መሶቡን እንዳስቀመጥን ፈንታዬ ደርቃ ቀረች። ከፊት ለፊት ሌላ መሶብ አለ። መደቡ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ኮከቡ ያው ነው፤ አውሬው ያው ነው። ከመሶቡ ኋላ ክንዷን ያጣመረች፣ ወፈር ያለች ሴት ቆማለች። ስሜነሽ ትባላለች፤ የሞጣ ሰው ናት።

"ይህን ከየት ቀዳሽው?" አለቻት ፈንታዬ፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

"እኔ? ያንቺ አውሬ ቀንዱን መንገድ ላይ ጥሎ እየመጣ፣ ሙሉ ቀንድ ያለው ቀዳ ይባላል?"

"የእኔ ከቅድመ አያቴ የመጣ ነው!"

"የእኔ ከቅድመ አያቴ እናት!"

"ዓባይ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ነው የሰፋችው!"

"የእኔዋ ወንዙ ውስጥ ገብታ ነው!"

መክሊት መካከላቸው ገብታ ልታለቅስ ደረሰች። ዳኞቹ ቁርጡን ነገሯቸው፤ ለአንድ ጥለት አንድ መሶብ ብቻ ነው ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው፤ እስከ ምሳ ድረስ የማን እንደሆነ ይታወቅ።

እኔ ጭቅጭቅ አልወድም። የፈንታዬን እጅ ይዤ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የውኃ ሮቶ ወሰድኋት። ጥቂት ቆይታ ስሜነሽም መጣች። እጇን ታጠበች፤ ሳያስፈልጋት እንደገና ታጠበች። ከዚያ ወደ ፈንታዬ ሳትዞር፣

"ያንቺው ቀይ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ታውቂዋለሽ።"

ፈንታዬ ግራ ቀኟን አየችና፣ "ቀይ ነው። አንገቱ ነጭ" አለች።

"የእኛው አረንጓዴ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሳቁትን ሳቅ ልጽፈው አልችልም። ስሜነሽ ሮቶውን ደገፍ ብላ እንባዋን ስትጠርግ ፈንታዬ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር። ነገሩን የጨረሱት እንዲሁ እየሳቁ ነው።

"ቅድመ አያታችንን አንድ እናድርጋት።"

"ስሟ ማን ይሁን?"

"ላቀች። እማሆይ ላቀች።"

"መቼ ሞተች?"

"ሳንወለድ፤ ጠያቂ እንዳይበዛብን።"

"ኧረ ሐሰት ነው" አልሁ ቀስ ብዬ።

"አንቺ ዝም በይ፣ እታለም፤ ለዝምታ ማን ብሎሽ!" አለችኝ ፈንታዬ።

ተመልሰው ገብተው በድምፅ ማጉያ ዝምድናቸውን ተናገሩ። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ስሜነሽ የእውነት እንባ አወጣች። አዳራሹ አጨበጨበ። መክሊትም አለቀሰች። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ እስከ ማታ ሞጣ ሁሉ አየው። ዳኞቹም "የአንድ ዘር ጥለት ነው" ብለው ሁለቱንም መሶቦች ባሕር ዳር ላኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዓለምነህ ሽማግሌዎቹን ወደ ንጋት ቤት ላከ። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የንጋት እናት ለካ ስሜነሽ ናት! ልጆቹ አንዳቸው የሌላቸውን እናት በመልክ አያውቁም ነበር። ንጋት ለእናቷ የነገረቻት "የቢቸና መምህር" ብላ ብቻ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ የተሰማው ሽማግሌ ፊት ነው። የንጋት አባትም፣ "ዘር ቆጥረናል። ከእማሆይ ላቀች ወዲህ አራት ቤት ነው። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመዱ ጋር አይጋባም" ብሎ ዘጋው። ሚስቱ እውነቱን ነግራው አታውቅም። እሱ ደግሞ በዝምድናው ኮርቶ፣ የእማሆይን መቃብር አውቀዋለሁ ማለት ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ዓለምነህ ይህን ለፈንታዬ በስልክ ሲነግራት አጠገቧ ነበርሁ። ወስፌው ከእጇ ወደቀ። ልጇ እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። በመጨረሻ ጉልበቷን መታች።

"ስምንት ቤት ብል ምን ነበረበት! አፌን ማን ያዘኝ!"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን፣ ፈንታዬ፣ የኔሰውና እኔ፣ ሞጣ ወርደን ስሜነሽ ቤት ገባን። ፈንታዬ ለሙሽሪት የሰፋችውን አዲስ መሶብ ይዛለች። ዓለምነህና ንጋት በሩ አጠገብ ተራርቀው ቆመዋል። የሽማግሌዎቹ አለቃ መምሬ አካለ ወልድ ናቸው፤ ነጭ ጢማቸውን እያሹ የሚሰሙ፣ የማይቸኩሉ ሰው። ፈንታዬ ሐሰቱን በሐሰት ልትጠግነው ሞከረች።

"መምሬ፣ ዘሩን ስቆጥር ዘልያለሁ። በመካከል አራት ሰዎች ነበሩ።"

"እነማን?"

"አንዷ... ብርቄ። ከዚያ አስካል። ከዚያ..." ዓይኗ ቤቱን ዞረና እኔ ላይ አረፈ። "ከዚያ ትርንጎ።"

ትርንጎ የእናቴ ስም ነው። አንገቴን ደፋሁ።

"አራተኛዋስ?" አሉ መምሬ።

ፈንታዬ ልጇን አየችው። እሱ ወለሉን ነው የሚያየው።

"አራተኛዋ የለችም" አለች። "አንዳቸውም የሉም። ላቀችም የለችም። እኔና ስሜነሽ ሮቶ ሥር የወለድናት ናት። ጥለቱ የሹራብ ነው።"

መምሬ ጢማቸውን አሹ። "ልጄ፣ ቀድሞ በድምፅ ማጉያ አልቅሰሽ ዘመዴ ናት አልሽ። አሁን ሠርጉ ሲቀር አይደለችም አልሽ። የትኛው ነው ሐሰቱ?"

"የፊተኛው!"

"የፊተኛውን አሳምረሽ ነው የተናገርሽው። ይኼኛው አላማረብሽም።"

ይህን ጊዜ የኔሰው ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ደረቱን ሰጥቶ ከመምሬ ፊት ቆመ። "ይቁጠሩት" አለ።

መምሬ መነጽራቸውን አደረጉ። መሶቡን ከሹራቡ አጠገብ አስይዘው በጣታቸው ኮከቦቹን ቆጠሩ፤ ቀጥለው አውሬዎቹን። ስድስተኛው አውሬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው በፍሙ ቀዳዳ ሾልኮ የኔሰውን ደረቱን ነካው። መሶቡን አዩ፤ ስድስተኛው አውሬ ላይ የግራ ቀንድ የለም።

"እህ!" አሉ።

ስሜነሽ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷት ወደ ጓዳ ገባች። ከአልጋ ሥር አረንጓዴ ሹራብ፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ይዛ ወጣች። ባሏ ብድግ አለ።

"ይኼ የጠፋብኝ ሹራብ አይደለም? ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለግሁት እኮ! የጎረቤቱን ልጅ ሌባ አስብለሽኝ!"

"ለብሰኸው ብትወጣ ሰው ጥለቱን ያየብኛል ብዬ ነው።"

"እኔስ ብርድ ቢመታኝ?"

"አንተማ የቅድመ አያቴን መቃብር ስትጠብቅ ይሞቅሃል!"

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ፤ እሱ ብቻ ጆሮው ድረስ ቀላ። መምሬ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አስባሉ።

"የሹራብ ዝምድና ጋብቻ አይከለክልም" አሉ። "ልጆቹ ይጋቡ።"

ንጋት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓለምነህ ወደ እናቱ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። ፈንታዬ ጸጉሩን ደባበሰችው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

"ቆዩ፣ አልጨረስሁም" አሉ መምሬ። "ሰው ሳይወለድ ወልዳችሁ፣ አመንኩሳችሁ፣ ቀብራችሁ ሕዝብ አስለቅሳችኋል። ለየራሳችሁ አርባ አርባ ስግደት።"

"አባቴ፣ ላቀችን እኩል ነው የወለድናት" አለች ፈንታዬ። "ሃያ ሃያ እንካፈላት።"

"እኔማ የተስማማሁት ራሴን ነቅንቄ ብቻ ነው!" አለች ስሜነሽ።

"አርባ አርባ" አሉ መምሬ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "እያወቀች ዝም ላለችው ደግሞ አሥራ ሁለት።"

ማግሥቱ እሑድ ስለነበረ አልሰገድንም፤ ሰኞ ጠዋት ነው ሦስታችን እዚያው ሞጣ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው። በሴቶቹ በኩል አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል። እኔ መካከል ሆንሁ፤ ፈንታዬ በቀኜ፣ ስሜነሽ በግራዬ። ሁለቱም ድምፅ አውጥተው መቁጠር ጀመሩ፤ አንዷ ሌላዋ እንዳታጭበረብር ትጠብቃለች።

ፈንታዬ ሃያ ሰባት ላይ ወርዳ ቀረች። ደክሟት ይሆን ብዬ ደንግጬ ጎንበስ አልሁ። ግንባሯ ምንጣፉን ነክቷል፤ ዓይኗ ግን ፈጦ የምንጣፉን ዳር እያየ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ሦስት ሰማያዊ፣ አንድ ወርቃማ፣ ሦስት ሰማያዊ..."

"ፈንታዬ፣ ስግደቱ!" አልኋት።

"ስንት ላይ ነበርሁ?"

ወደ ግራዬ ዞርሁ። ስሜነሽም ወርዳ ቀርታለች፤ አፍንጫዋ ምንጣፉን ሊነካ ነው፤ በጣቷ ትለካለች።

ሁለቱም ከአንድ ጀመሩ። እኔ አሥራ ሁለቴን ጨርሼ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር። እያነከሱ፣ በከንፈራቸው "ሦስት ሰማያዊ፣ አንድ ወርቃማ" እያሉ፣ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዷ ሌላዋን ለመቅደም እየተጋፉ ከበሩ ወጡ፤ አንዷ ወደ ቤቷ፣ አንዷ ወደ ሚኒባሱ።