ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት እናቶቼ

ይሄን ስሙኝማ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የጂንካ ሞተረኛ ነኝ፤ ወሬ ማሳመር አልችልም። ያ ጠዋት ግን እስካሁን እንደ ህልም ነው የሚመጣብኝ።

እናቴን ትኩሳት ጥሏት ከገጠር በሞተር ጂንካ ሆስፒታል አመጣኋት። ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ ትንፋሿ በሸሚዜ አልፎ ያቃጥለኛል። ጭጋጉ መንገዱን ውጦት የምንሄድ ሳይሆን የምንንሳፈፍ ነበር የሚመስለኝ።

ካርድ ክፍል "ስምዎ ማነው እማማ?" ሲሏት በኩራት አዲሱን ስሟን ነገረቻቸው። ጌታን ተቀብላ ወንዝ ውስጥ ስትጠመቅ ያወጣችው ነው። በድሮው ከጠራሃት ዞራም አታይህ። "እሷ ውሃው ውስጥ ቀርታለች" ትልሃለች። እነሱም በአዲሱ ስም አዲስ ካርድ አወጡላት።

መርፌ ክፍል ያለችው ሲስተር ዓይኗን ኮምፒውተሩ ላይ ተክላ "መርፌ ልወጋት ነው" አለችኝ።

"ሲስተር፣ አምና እዚሁ የወጋችኋት መርፌ አሳብጧታል።"

"የቱ መርፌ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እዛ ውስጥ ጽፋችሁት የለ?"

"እዚህ አለርጂ የለም ነው የሚለው።"

"በድሮ ስሟ ፈልጊያታ።"

ፈለገች። በዚያ ስም የሚጠሩ ሴቶች ስክሪኑን ሞሉት፤ የልደት ቀኑን የሚያውቅ ስለሌለ ማሽኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ወልዷቸዋል። አንዷን ስትነካ ትንሽዬ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ በር ላይ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ እናቴ በአሪኛ ከማይታየኝ ሰው ጋር ታወራለች። እኔም ክቧን እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ስክሪኑ ሁሉንም ዘጋና እንደገና ከመጀመሪያው ግቢ አላት።

"ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፣ ወንድሜ። የምታወራው መድኃኒት ሌላ ይሆናል" አለችና ወጋቻት።

ወዲያው የእናቴ ከንፈር ተነፋ። ዓይኗ በእብጠት ጠፋ። ትንፋሿ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ። ሲስተሯ ሮጣ ሌላ መርፌ ይዛ መጣች፤ እናቴም ከጥልቅ ውሃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለች ተመለሰችልኝ።

ሲስተሯ አልጋው ስር ቁጢጥ ብላ ታለቅሳለች።

"ምነው ይቺ ልጅ" አለች እናቴ ባበጠ አፏ፣ "ሟቿ እኔ፣ አልቃሿ እሷ?"

ሲስተሯን ልሰድባት የያዝኩትን ስድብ ተውኩት። እሷማ ፈልጋለች፤ ማሽኑ ነው የደበቀባት። እናቴን ለሁለት ከፍሎ፣ የምታብጠዋን ውሃው ውስጥ ትቶ፣ ሌላዋን አምጥቶ አስወጋት።

እናንተ ያንን ማሽን መርጣችሁ የላካችሁልን፣ አንድ ጠዋት እንኳ ከዚያ ሰልፍ ፊት ቁጭ ብላችሁ ሞክራችሁታል?